ከተቀባዩ ዘንድ የሚኖር ጽሑፍ፦ ኮልፌ ቀራንዮና የዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት

በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኘው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ስሙን የወሰደው ከሁለት ስፍራዎች ነው፤ ኮልፌ ከመርካቶ በስተምዕራብ የተዘረጋው የገበያና የመኖሪያ ሰፈር ሲሆን፣ ቀራንዮ ደግሞ በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሚታወቀው አካባቢ ነው። የዚህን ክፍለ ከተማ ያለፈ ዘመን በጽሑፍ ማስረጃ ለማጥናት የሚነሣ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከክፍለ ከተማው ወጥቶ ነው፤ አንዳንዱን ወረቀት ስድስት ኪሎ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዱን በደቡብ አፍሪካ፣ አንዳንዱን ደግሞ በሰሜን አውሮፓ ያገኘዋል። ይህ የሆነው ኮልፌ ያልተጻፈበት ስፍራ ስለሆነ አይደለም። ጽሑፍ ከተጻፈበት ስፍራ ይልቅ ወደ ተቀበለው ሰው የሚያዘነብል ባሕርይ ስላለው ነው፤ የቤተ መዛግብት ታሪክም በአመዛኙ የዚህ ባሕርይ ታሪክ ነው።

የግል ሰነዶች የሚባሉት አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ በኑሮውና በሥራው ሂደት የጻፋቸው፣ የተቀበላቸውና ያስቀመጣቸው ደብዳቤዎች፣ የማስታወሻ ደብተሮች፣ ረቂቆች፣ ውሎች፣ ደረሰኞችና ፎቶግራፎች ሲሆኑ፣ ከታተመ መጽሐፍ የሚለያቸው ዋናው ነገር ሁለተኛ ቅጂ የሌላቸው መሆኑ ነው። የጠፋ መጽሐፍ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ወይም ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሊተካ ይችላል፤ የጠፋ የማስታወሻ ደብተር ግን ምትክ የለውም። ስለዚህ ቤተ መዛግብት እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን ሲረከብ የሚከተለው ሥርዓት ከቤተ መጻሕፍት የተለየ ነው፤ ወረቀቶቹን በርዕሰ ጉዳይ በታትኖ ከሌሎች ጋር አይቀላቅልም፣ ከአንድ ሰው እጅ የወጣውን ክምችት ባለቤቱ ባስቀመጠበት ቅደም ተከተል ለብቻው ያኖረዋል እንጂ። ይህ የአመጣጥ ሥርዓት በመመሪያ ደረጃ ተጽፎ የወጣው በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1841 ሲሆን፣ መነሻው ቀላል ግንዛቤ ነው፤ አንድ ደብዳቤ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ከአጠገቡ ምን ተቀምጦ እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል።

ደብዳቤ ደግሞ ከግል ሰነዶች ሁሉ ጠባዩ ለየት ይላል፤ ተጽፎ እንዳለቀ ጸሐፊውን ጥሎ ይሄዳልና። አንድ ሰው በዘመኑ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ለመሰብሰብ የሚፈልግ አጥኚ የሰውየውን ቤት ቢፈትሽ የሚያገኘው ለእርሱ የተጻፉትን ነው፤ እርሱ የጻፋቸው በወዳጆቹ፣ በባለጋራዎቹና በባለሥልጣናት ቤት ተበትነዋል። ለዚህ በኢትዮጵያ ታሪክ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች ሁሉ የሚጎላው ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ለንደን ቢደርስም መልስ ሳይሰጠው በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ወረቀቶች መካከል ቀረ፤ ከዚያ የተነሣው ቅያሜ የአውሮፓውያንን መታሰር፣ የእንግሊዝን ዘመቻና በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የመቅደላን መውደቅ አስከተለ። መልስ የነፈገው መሥሪያ ቤት ግን ወረቀቱን በጥንቃቄ ጠበቀው። ንጉሠ ነገሥቱ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው በመቅደላ አምባ ካከማቿቸው መጻሕፍት መካከልም ወደ 350 የሚጠጉት በዚያው ዘመቻ ተወስደው ወደ ብሪታንያ ሙዚየም ገቡ። ታሪኩ ምሬት ያለበት ቢሆንም፣ ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩቤንሰን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ የጀመሩት ሥራ ሊሳካ የቻለው በዚሁ የደብዳቤ ጠባይ ምክንያት ነው፤ የ19ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ደብዳቤዎች ከተቀባዮቹ አገሮች መዛግብት ለቅመው፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ በ1994ና በ2000 በሦስት ቅጽ አሳተሟቸው። ጸሐፊዎቹ ኢትዮጵያውያን፣ ወረቀቶቹ ግን ለንደን፣ ፓሪስና ሮም ነበሩ።

አገር ውስጥ የቀረውን ጽሑፍ ስንኳን ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቀው ቤተ መንግሥት ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው። ዕቃ ቤት የሚባለው ንዋያተ ቅድሳትና መጻሕፍት የሚቀመጡበት ክፍል ወይም ከቤተ መቅደሱ ተለይቶ የሚሠራ ትንሽ ቤት ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ወንጌል ለንባብና ለሥርዓተ ቅዳሴ ብቻ የሚያገለግል አልነበረም። በብራናው ኅዳግ፣ ማለትም ከጽሑፉ ዙሪያ ባለው ባዶ ጠርዝ ላይ፣ እንዲሁም በወንጌላት መካከል በተረፉት ገጾች የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭ፣ የውርስ ክርክር፣ የንዋያት ቆጠራ ይጻፍበት ነበር። መሬት የሰጠው፣ የተቀበለው፣ ምስክር የሆኑት መኳንንትና ካህናት በስም ይዘረዘራሉ፤ በመጨረሻም ጽሑፉን የሚፍቅ ወይም መጽሐፉን የሚሰርቅ ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ መሆኑ ይታከላል። ውግዘቱ የዘመኑ ቁልፍና ዘበኛ ነበር። ከእነዚህ መጻሕፍት በዕድሜ ከሚቀድሙት አንዱ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት አራቱ ወንጌል ሲሆን፣ በገጾቹ መካከል የገዳሙን ንብረት የሚመለከቱ ማስታወሻዎች ስላሉበት ከቅዱስ መጽሐፍነቱ ጋር የገዳሙ መዝገብም ሆኖ አገልግሏል።

ለእንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ የሚሰፋለት፣ በጠፍር ተንጠልጥሎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የቆዳ ማስቀመጫ ማኅደር ይባላል። ቃሉ ማደሪያ ማለት ነው። ዘመናዊው ቢሮ ሲመጣ ይኸው ቃል ከዕቃ ቤቱ ወጥቶ ወደ መዝገብ ቤቱ ተሻገረና ዛሬ የአንድ ሠራተኛ የቅጥር ደብዳቤ፣ የትምህርት ማስረጃና የዕረፍት ፈቃድ የሚታሰርበት ፋይል የግል ማኅደር ተብሎ ይጠራል። ዳዊት ያደረበት ስያሜ የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ማደሪያ መሆኑ ለአንዳንዱ ሰው የቃሉ መዋረድ ሊመስል ይችላል፤ ይሁንና የወረቀት ጠባቂነት ከካህኑ እጅ ወደ መዝገብ ሠራተኛው እጅ የተላለፈበትን የ20ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ለውጥ ከዚህ ቃል የተሻለ የሚናገር አይገኝም።

የዚህ ለውጥ የመጀመሪያ ምልክቶች የዝርዝር ሥራዎች ነበሩ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳትመው፣ በ1920 ዓ.ም. አስፋፍተው አወጡት፤ በየደብሩ ተሰውሮ የነበረው ሀብት በአንድ ወረቀት ላይ በስም ሲጠራ ይህ ጥረት ፈር ቀዳጅ ነበር። ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ደግሞ የመንግሥት ደብዳቤዎችን፣ ደንቦችንና የግብር መዝገቦችን አሰባስበው በ1942 ዓ.ም. ዝክረ ነገር በሚል ርዕስ አሳተሙ፤ ለብዙ አጥኚዎች ይህ ጥራዝ ራሱን እንደ ቻለ ቤተ መዛግብት ሲያገለግል ኖሯል። በመካከሉ በ1936 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ተቋቁሞ ብራናንም ሆነ ወረቀትን በመንግሥት ኃላፊነት መጠበቅ ተጀመረ። ወመዘክር የሚለው ቃል በሕዝቡ አነጋገር የተቋሙ ስም ሆኖ ስለቀረ፣ ተቋሙ በ1991 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 179 ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ተብሎ እንደ አዲስ ከተደራጀ በኋላም ብዙ አንባቢ የሚሄደው ወመዘክር ነው።

ዩኒቨርሲቲው ወደዚህ ሥራ የገባው ዘግይቶ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነው የተቀጠሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ መጻሕፍት ከመደርደር አልፈው ሥዕሎችን፣ መስቀሎችን፣ ብራናዎችንና የቤት ቁሳቁሶችን መሰብሰብ ያዙ፤ ለዚህም ከተማሪዎችና ከመምህራን የተውጣጣ የባህል ጥናት ማኅበር አጋዥ ሆናቸው። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሲሰጡ፣ ይህ ክምችት ያልታሰበ ቤት አገኘ። ሕንፃው ራሱ ደም የፈሰሰበት ነበር፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣሊያው ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በግቢው ውስጥ ሲሆን፣ በመፈንቅለ መንግሥቱ ጊዜ የታገቱት ባለሥልጣናት የተረሸኑትም በዚያው ቤት ነው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በዚህ ቤት ሲመሠረት፣ የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክኸርስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ኾይናትስኪ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆኑ።

የተቋሙ የብራና ክምችት ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ መልሱ በከፊል የገበያ ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ የውጭ አገር ጎብኚ መብዛት ሲጀምር ብራናና ሥዕል ሻጮች ወደ ሆቴሎች ደጃፍ መምጣት ጀመሩ፤ ዳዊትና የሰው ቁመት ያህል የሚረዝም የጸሎት ክታብ በሻንጣ እየታጠፈ ከአገር ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ይህን ለመግታት የታሰበ ቢሆንም፣ አዋጅ ብቻውን ሻጩን ወደ ቤቱ አይመልሰውም። ተቋሙ የመረጠው መንገድ ከሻጩ ደጃፍ ቆሞ ራሱ መግዛት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተው የተቋሙ ወዳጆች ማኅበርም ከአባላቱ መዋጮ ገንዘብ እያሰባሰበ ሊወጡ የነበሩ ዕቃዎች ወደ ሙዚየሙና ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እንዲገቡ ረድቷል። ግዢው ጥቅሙ የማያጠራጥር ቢሆንም ከቤተ መዛግብት ሥርዓት አንጻር ዋጋ አስከፍሏል፤ በሻጭ እጅ ያለፈ ብራና ከየትኛው ደብር፣ ከየትኛው ዕቃ ቤት እንደወጣ የሚናገር አይኖርም፤ ሻጩም ቢጠየቅ እውነቱን ለመናገር የሚያነሣሣው ምክንያት አልነበረውም። መጽሐፉ ተረፈ፣ አመጣጡ ግን ጠፋ። የመጽሐፉን ትውልድ መልሶ ለማግኘት አንዳንዴ የሚረዳው ያው የኅዳግ ማስታወሻ ነው፤ ቀድሞ የመጽሐፉ ባለቤት የነበረው ሰው ስም ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈበት ቦታ፣ በብርሃን ፊት ሲያዩት ከሥር ያለውን ፊደል የሚያሳብቅበት ጊዜ አለ።

መጽሐፉ ካለበት ሳይነቃነቅ ይዘቱን ብቻ የሚወስድ ሌላ ዘዴ የመጣው በማይክሮፊልም ነው። ማይክሮፊልም የእያንዳንዱን ገጽ ምስል አሳንሶ በፊልም ጥቅል ላይ የሚያስቀምጥ የፎቶግራፍ ዘዴ ሲሆን፣ ጥቅሉ በማጉያ መሣሪያ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ1973 በቤተ ክርስቲያኒቱ ፈቃድ የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች የማይክሮፊልም ሥራ በተለይ በአዲስ አበባ፣ በሸዋና በወሎ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የነበሩ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን አነሣ፤ የፊልሙ አንድ ቅጂ አገር ውስጥ ሲቀር ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተላከ። የሐይቁ የኢየሱስ ሞዐ ወንጌልም በዚህ ሥራ ተነሥቶ 1832 የሚል ተራ ቁጥር ተሰጥቶታል። ፊልሞቹን ገጽ በገጽ እያነበቡ ይዘታቸውን በመግለጫ ያሰፈሩት ከሁሉ በላይ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ የደርግ ወታደሮች በቤታቸው በከፈቱት ተኩስ ቆስለው እግሮቻቸው ከሽባነት ያልዳኑት እኚህ ሊቅ፣ ለሕክምና ከወጡ በኋላ በኮሌጅቪል ተቀምጠው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ እ.ኤ.አ. 2021 ድረስ የአገራቸውን መጻሕፍት በፊልም አነበቡ፤ ወደ ሸዋና ወደ ወሎ ደብሮች ለመሄድ የማይችሉት ሰው ደብሮቹ ያሏቸውን መጻሕፍት ከማንም በላይ ያወቁበት ሁኔታ በቤተ መዛግብት ታሪክ እምብዛም የማይገኝ ነው። አዲስ አበባ ያለ ተመራማሪ የጎረቤት ደብሩን መጽሐፍ ይዘት ለማወቅ በሚኒሶታ የታተመ ዝርዝር መግለጡ ለብዙ ዓመታት የተለመደ ሆኖ ቆየ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሥራዎች የተለየ ዓይን ነበራቸው። የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክረሚና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው በጎጃምና በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሲዘዋወሩ ፎቶግራፍ ያነሡት የመጽሐፉን ዋና ጽሑፍ ትተው የኅዳጉን የመሬት ማስታወሻ ነበር፤ ፊልሞቹም በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲና በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የጋራ ምልክት ተመዝግበው ለአጥኚ ክፍት ሆኑ። የቅዱሳን ገድል የሚፈልግ ሰው ዓይኑን የሚያሳልፍበት ጠርዝ፣ ማን ለማን ርስት እንደሸጠ፣ ሴት ልጅ ምን ያህል እንደወረሰች፣ ባለዕዳ መሬቱን እንዴት እንዳጣ የሚናገር የቤተሰብ ሰነድ መሆኑ በዚህ መንገድ ታወቀ። የእስልምና ሊቃውንት የእጅ ጽሑፎች ግን ትኩረት ለማግኘት ብዙ ዘገዩ። በተቋሙ የሚገኙት የዐረብኛና የዐጀሚ መጻሕፍት፣ ዐጀሚ ማለት ሐረሪን፣ አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ሌሎች ቋንቋዎችን በዐረብ ፊደል መጻፍ ነው፣ ራሱን የቻለ የዝርዝር መጽሐፍ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ብዙ ሙስሊም ነዋሪዎች ላሉት፣ ትልቁ የሙስሊሞች መካነ መቃብርም ለሚገኝበት ለኮልፌ፣ የዚህ መዘግየት ትርጉም ከሌላው ሰፈር ይበልጣል።

የግል ሰነድ ወደ ተቋም የሚገባበት ሌላው በር የትዝታ ጽሑፍ ነው። የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለሥልጣናትና ምሁራን በእጃቸው የጻፏቸው የሕይወት ታሪኮች፣ በደርግ ዘመን በቤተሰብ ሣጥን ተደብቀው ከቆዩ በኋላ አንድ በአንድ ብርሃን አይተዋል፤ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክና የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ትዝታ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተሙት ጸሐፊዎቹ ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ የብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ሰፊ ትዝታም በ1999 ዓ.ም. ለአንባቢ ደርሷል። ኅትመቱ ታላቅ ውለታ ቢሆንም አንድ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ትዝታ ድርጊቱ ካለፈ በኋላ ለአንባቢ ታስቦ የሚጻፍ ሲሆን፣ የዕለት ማስታወሻ ግን ጸሐፊው ነገ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ የሚያሰፍረው ነው። ሁለቱ ሲጋጩ የሚታየውን ልዩነት ለማሳየት ከኮልፌ የተሻለ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም።

ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡባዊ አፍሪካ የነፃነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ ከተገኙ በኋላ፣ በሰኔ ወር ተመልሰው ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ሥልጠና ጀመሩ። ፈጥኖ ደራሽ አመፅንና ሁከትን ለመቆጣጠር የተቋቋመ የፖሊስ ኃይል ሲሆን፣ እንግዳውን የተቀበሉት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ማንዴላ ጠመንጃና ሽጉጥ መተኮስን፣ ስለ ሞርታርና ስለ ፈንጂ፣ ትጥቅ ተሸክሞ በተራራ ላይ ረጅም ጉዞ ማድረግን ተማሩ፤ ሲለያዩም ኮሎኔሉ አንድ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር ስጦታ ሰጧቸው። የሕይወት ታሪካቸውን በሚተርከው መጽሐፍ ለስድስት ወር ታስቦ የነበረው ሥልጠና ከስምንት ሳምንት በኋላ በቴሌግራም ጥሪ ተቋረጠ ይላሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በጁን 1962 አጋማሽ ገና ለንደን እንደነበሩ፣ ጁላይ ሳያልቅም አገራቸው እንደገቡ የታወቀ ስለሆነ፣ በኮልፌ የቆዩበት ጊዜ ከአንድ ወር ብዙ ሊርቅ አይችልም። ትዝታ አንዱን ወር ሁለት አድርጎታል፤ ይህን የሚያርመው በዚያው ሰሞን ቀን እየተጻፈበት የተያዘው የማስታወሻ ደብተር ነው።

የደብተሩ ዕጣ ከይዘቱ የበለጠ ያስተምራል። ማንዴላ እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 1962 ከተያዙ በኋላ፣ በጆሃንስበርግ አቅራቢያ በሊሊስሊፍ እርሻ የተደበቁት ወረቀቶቻቸው እንዲጠፉ መልእክት መላካቸው፣ ጓዶቻቸው ግን ለታሪክ ይጠቅማሉ ብለው ማስቀረታቸው ተጽፏል። ጁላይ 11 ቀን 1963 ፖሊስ እርሻውን ሲወርር ደብተሩ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተገኝቶ ማንዴላና ጓዶቻቸው በተከሰሱበት በሪቮኒያው ችሎት የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ሆነ። በኮልፌ የፖሊስ ሰፈር ውስጥ የተጻፈ ገጽ በሌላ አገር ፖሊስ እጅ ገብቶ ጸሐፊውን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለማድረስ አገለገለ፤ ፍርድ ቤቱ የተጠየቀበትን ዓላማ ሲፈጽም ሳያስበው ለታሪክ ጠባቂ ሆነ። የችሎቱ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2007 በዩኔስኮ የዓለም ትዝታ መዝገብ የገባ ሲሆን፣ በጆሃንስበርግ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ሰነዶች ክፍልም የሪቮኒያን ችሎት ወረቀቶች ለተመራማሪ ያቀርባል፤ ከማስታወሻዎቹ የተወሰዱ ገጾችም እ.ኤ.አ. በ2010 ታትመዋል። አስተናጋጁ ታደሰ ብሩ በበኩላቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሜጫና ቱለማ የመረዳጃ ማኅበር ጉዳይ ተከስሰው ታሰሩ፣ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በደርግ ተገደሉ። በዚያ ሰኔና ሐምሌ ኮልፌ ውስጥ የሆነውን ዓለም የሚያውቀው ከእንግዳው ደብተር እንጂ ከባለቤቱ አይደለም፤ ለኮልፌ ታሪክ ይህ ትንሽ ጉድለት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በዚያው ክፍለ ከተማ ዘነበወርቅ ተብሎ የሚጠራው አካባቢ ሌላ ዓይነት የግል ሰነድ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተከፈተውና በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመው ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የሚባለው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ የማሠልጠኛና የማቋቋሚያ ማዕከል ሲመሠረት ከእርሱ ጋር ተያያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ፣ ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በሳይንስ ተሳስሮ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተጨመረ። ሐንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 በበርገን ያገኙት ኖርዌያዊ ሐኪም ናቸው። ለግኝቱ የረዳቸውም ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ ሕሙማኗን በስም፣ በዕድሜና በመኖሪያ የመዘገበችበት ብሔራዊ መዝገብ ሲሆን፣ የበርገን የሥጋ ደዌ መዛግብት እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። የሐንሰንን ስም የተሸከመው የኮልፌው ሰፈር ግን ሕሙማኑ ከየገጠሩ መጥተው፣ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ ለምነውም ሸምነውም ልጆች ያሳደጉበት ነው። የእነዚህ ሰዎች የሕክምና ካርድ የምስጢር ጉዳይ ነው፤ በሽታው ያመጣው መገለል ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ስለነበረ፣ ካርዱን እንደ ማንኛውም ሰነድ መክፈት ሌላ በደል ይሆናል። በበርገን ከ100 ዓመት በላይ ያለፈው ዘመን ያቀለለው ጥያቄ በዘነበወርቅ ገና ትኩስ ነው።

ከአካባቢው የማይወጣ ወረቀት ቢኖር የዕድር መዝገብ ነው። ዕድር ጎረቤቶች ሞት ሲደርስ ለመቃበርና ለመረዳዳት የሚያቋቁሙት ማኅበር ሲሆን፣ በኮልፌ በየመንደሩ፣ በየትውልድ አካባቢውና በየእምነቱ ይገኛል፤ መዝገቡም ጠንካራ ሽፋን ያለው ሰፊ ደብተር ነው። ጸሐፊው በማስመሪያ ያሰመራቸው ዓምዶች አሉት፤ ተራ ቁጥር፣ የአባሉ ስም ከነአባቱ፣ በየወሩ የከፈለው መዋጮ፣ ያልከፈለበት ቅጣት፣ ፊርማ ወይም የአውራ ጣት አሻራ። ባል ሲሞት በስሙ ላይ ሰረዝ ይደረግና ከአጠገቡ የሚስቱ ስም ይተካል፤ በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ አከራይና ተከራይ በቀበሌ ፊት እኩል ቢሆኑም፣ በዚህ ደብተር ግን ቀድሞም እኩል ይከፍሉ ነበር። ደብዳቤ ወደ ተቀባዩ ይሄዳል፤ የዕድር መዝገብ ግን የሚጽፉትም የሚቀበሉትም ያው ጎረቤቶች ስለሆኑ የሚሄድበት የለውም፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ የሚያደርሰው መንገድ የጠበበውም ለዚህ ነው። ደብተሩ ሲሞላ ጸሐፊው በሕይወት ያሉትን ስሞች በአዲሱ ላይ ይገለብጣል፤ አሮጌውም የዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ብረት ድስቶችና የቃሬዛው እንጨት ወደሚቀመጡበት ቤት ይገባል። ነዋሪው ይህን ቤት የሚጠራው ዕቃ ቤት ብሎ ነው።